ኤብሮ ወንዝ ዳር መኪና የማይበዛበት የሳይክል መንገድ ለጠየቅሽው እህታችን

ሰላም እህቴ፣ ሰላም ለሁላችሁም።

ጥያቄው ወደ ላይ ስለራቀ ባጭሩ ልድገመው። በሚያዝያ አምስት ቀን እረፍት አላችሁ። ከፍራንክፈርት ባርሴሎና ትገባላችሁ። ሳይክሎቻችሁ ቀጭን ጎማ ያላቸው የአስፋልት ናቸው፣ ባለቤትሽ ደግሞ ካሚዮን አጠገቡ ሲያልፍ እጁ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል። ስፔን ውስጥ ወንዝ ዳር፣ ገጠር ገጠሩን፣ መኪና የማይበዛበት መንገድ የት አለ? ሳይክላችንን ይዘን እንምጣ ወይስ እንከራይ? ነው ያልሽው።

ማዮርካ ደሴት ሂዱ ያሏችሁ ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ግን በሚያዝያ ማዮርካ ላይ ሳይክሉ ራሱ ትራፊክ ይሆናል። ጸጥታ ከሆነ የምትፈልጉት የኔ መልስ ታችኛው ኤብሮ ነው፤ ከሞራ ላ ኖቫ እስከ ቶርቶሳ፣ ጊዜ ከተረፋችሁ እስከ ባሕሩ። የምኖረው ባርሴሎና ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ስሆን ሳይክሌን ባቡር ላይ ጭኜ የምጠፋው እዚያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። ካርታ ላይ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ትልቅ መንገድ ታያላችሁ፣ ሲ-12 ይባላል። ስልካችሁን "ወንዙን ተከትለህ ውሰደኝ" ብትሉት ወደሱ ነው የሚወረውራችሁ። አስፋልቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ካሚዮኑም ሞተሩም እዚያ ነው። ከሱ ጋር የሚያቋርጠው ኤን-420ም ከሞራ ወደ ጋንዴሳ ሲወጣ ያው ነው። ጸጥታው ያለው ከነሱ ማዶ ነው። ወንዙ ሁለት ዳር አለው፤ ትልቁ መንገድ አንዱን ዳር ሲይዝ ሌላኛው ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ጉዞ ሳወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ዛሬ በየትኛው ዳር ነን?" ብዬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ነፋሱ ነው፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም። የኤብሮ ሸለቆ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ሜዲትራንያን ይወርዳል፤ ከላይ በኩል የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በፒሬኔስና በታችኞቹ ተራሮች መካከል እየተጨመቀ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል። ከላይ ባለው የአራጎን ክልል ሲየርሶ ይሉታል፣ ወደ ታች ሲመጣ ሜስትራል፣ የአገሬው ሰው ደግሞ "የላዩ ነፋስ" ይለዋል። ሲነሳ ሜዳ ላይ ዳገት ይሆንባችኋል። ከቶርቶሳ ተነስቶ ወደ ላይ በሱ ፊት ለፊት የነዳ ሰው ማታ ማንኪያ ማንሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ጣጣ የሌለው ዘዴ በባቡር ወደ ላይ መውጣት፣ በሳይክል ወደ ታች መውረድ ነው። አር 15 የሚባለው ባቡር ከባርሴሎና በሬውስ አድርጎ ሞራ ላ ኖቫ ያደርሳችኋል። አር 16 ደግሞ ከቶርቶሳ ይመልሳችኋል። ሁለቱም ሳይክል ይጭናሉ፣ ቦታው ግን ጥቂት ነው፤ አርብ ማታና እሁድ ማታ ባትሞክሩት ይሻላል። በተለይ የባቡር መስመሩ ጥገና ላይ መሆን አለመሆኑን በዋዜማው እዩ፤ በባቡሩ ፋንታ አውቶቡስ ሲመደብ ሹፌሩ ሳይክሉን አልጭንም ሊል ይችላል።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ወደ ላይ ይነፍሳል። በሚያዝያ ሁለቱም ሊያጋጥማችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ትንበያውን አይታችሁ የነገውን አቅጣጫ ወስኑ።

አሁን ወደ መንገዱ። ለባለቤትሽ መጀመሪያ የምትሰጪው ከቶርቶሳ በወንዙ ግራ ዳር በቢተምና በቲቬኒስ አድርጎ ቤኒፋዬት የሚደርሰውን ትንሽ መንገድ ነው። (ግራና ቀኝ የምለው ወንዙ በሚፈስበት አቅጣጫ ነው፣ እዚያም እንደዚያ ነው የሚሉት።) ከሃያ ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ካሚዮኑ ማዶ በቀኝ ዳር ሲሄድ እናንተ እዚህ ከብርቱካንና ከመንደሪን እርሻ መሀል ናችሁ። ሚያዝያ ላይ የብርቱካን አበባው ሽታ ገና ከመንደሩ ሳትደርሱ ይቀበላችኋል፤ ለዚህ ብቻ ብትመጡም አይቆጭም። መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ የሚያስጨንቅ ዳገት የለውም። ከቲቬኒስ በኋላ ሸለቆው ይጠብባል፣ ድንጋያማው ተራራ እስከ ወንዙ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ መኪና የሚባል አይመጣም።

ቲቬኒስ ጋ ቆም በሉ። ወንዙን ሰያፍ የሚያቋርጥ የድንጋይ ግድብ አለ፣ አሱት ይሉታል። ኤብሮ እዚያ ጋ በግዴታ ይተኛል፣ ውሃው ግድቡ ላይ ቀጭን ሆኖ ይንሸራተታል፤ ከሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ቦይ ይወጣል፣ አንዱ ለቀኝ ዳር፣ አንዱ ለግራ። ከታች የምታዩት የሩዝ ማሳ ሁሉ የሚጠጣው ከነዚህ ቦዮች ነው። ማዶ ያለችው መንደር ቼርታ ናት። የቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳ ላይ የጎርፍ ከፍታ ምልክት ተለጥፏል፤ የ1787ቱን አይታችሁ ከቁመታችሁ ጋር ስታነጻጽሩት ወንዙን ማክበር ትጀምራላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤኒፋዬት ስትደርሱ በድልድዩ ተሻገሩና አጭር ቁራጭ መንገድ ሄዳችሁ ወደ ድሮው የባቡር ጣቢያ ውጡ። ያቺ ቁራጭ መኪና አለባት፣ ተከታትላችሁ በዝግታ ሂዱ። ከዚያ በኋላ መኪና የለም፤ ቫል ደ ሳፋን የሚባለውን አረንጓዴ መንገድ ይዛችሁ በቼርታ፣ በአልዶቬርና በሮኬተስ በኩል ቶርቶሳ ትመለሳላችሁ። አረንጓዴ መንገድ የሚሉት ሐዲዱ ተነስቶ ለእግረኛና ለሳይክል የተተወ የባቡር መንገድን ነው። ይሄኛው መስመር ከአራጎን ወደ ባሕር ሊወርድ የታሰበ ነበር፤ ባቡሩ ቶርቶሳ ቢደርስም ወደብ ሳይነካ በ1973 ተዘጋ። ለኛ በጀን። ቶርቶሳ መግቢያ ላይ ወንዙን የምትሻገሩት በድሮው ቀይ የባቡር ድልድይ ነው፣ አሁን መኪና አይረግጠውም። ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ የተሻለ ዙር አላውቅም።

ለሁለተኛ ቀን ሚራቬት። በባቡር ሞራ ላ ኖቫ ውረዱ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ሞራ ዴብሬ፣ ከዚያ በቀኝ ዳር ቤኒሳኔት፣ ከዚያ ሚራቬት። አጭር ነው፣ ሜዳ ነው፣ በኮክና በቼሪ ተክል መሀል ነው። ሚራቬት ላይ ቴምፕላሮች የሚባሉት መነኮሳት ተዋጊዎች የነበሩበት ግንብ ወንዙን ቁልቁል ያያል። ሳይክሉን ከታች ቆልፋችሁ በእግር ውጡ፤ ሰኞ ዝግ ስለሚሆን ቀኑን አስቡበት።

እኔ ግን የምወደው ከታች ያለውን ጀልባ ነው። ሞተር የለውም። ሁለት ጎን ለጎን የታሰሩ ታንኳዎች ላይ የጣውላ ወለል ተነጥፏል፣ መኪና ሳይቀር ይጭናል። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ገመድ አለ፣ ጀልባው በሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጀልባ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ወደ አንድ ጎን ሲያዞረው ወንዙ ራሱ ጎኑን እየገፋ ወደ ማዶ ይወስደዋል። ድምፅ የሚባል የለም፣ ከጣውላው ስር የውሃው መንሾካሾክ ብቻ። ሳይክል ተደግፋችሁ ቁሙ፣ የደቂቃዎች ነገር ነው፣ ሳንቲም ያዙ። ወንዙ ሲሞላ አይሰራም፣ ምሳ ሰዓት ላይም ያቆማል። ማዶ ቆማችሁ ብታፏጩ ማንም አይመጣም።

ከሚራቬት ወደ ታች እስከ ቤኒፋዬት ግን አልዋሽሽም። ለቀጭን ጎማ ሲ-12ን ጨርሶ ማምለጥ ከባድ ነው። ባለቤትሽ ከፈራ እዚያው ተሻግራችሁ፣ ማዶ ያለውን እርሻ ዞር ዞር ብላችሁ፣ በመጣችሁበት ወደ ሞራ ተመለሱና ባቡር ያዙ፤ ማንም አይስቅባችሁም። ደፍራችሁ ከቀጠላችሁ እሁድ ጠዋት በማለዳ አድርጉት፣ ያኔ የጭነት መኪናው ያርፋል፣ ሞተረኞቹም ገና ቡና ላይ ናቸው። በመንገዳችሁ ራስኬራን ታገኛላችሁ፤ በ2012 ዕዳዋን ልትከፍል መሬቷን ለካናቢስ እርሻ ላከራይ ብላ ነዋሪውን ድምፅ ያሰጠች ጉደኛ መንደር ናት። አብዛኛው እሺ ብሎ ነበር፣ ከንቲባው የጠየቀው 75 በመቶ ግን አልሞላም።

ሦስተኛውን ነገር ብዙ ሰው የሚመጣበት ስለሆነ በደንብ ላውራው። አረንጓዴው መንገድ ከቤኒፋዬት በላይ ቴራ አልታ ወደሚባለው ወረዳ ይወጣል፤ ከአርነስ ጣቢያ እስከ ቶርቶሳ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ አቅጣጫው ቁልቁል ነው። ከቦት እስከ ቤኒፋዬት ያለው ክፍል የካናሌተስን ወንዝ ገደል ይዞ ነው የሚወርደው፣ ዋሻ ከዋሻ፣ ድልድይ ከድልድይ። ከፀሐይ ወደ ዋሻ ስትገቡ ቅዝቃዜው ደረት ላይ ይመታል፣ ዓይን ለጥቂት ጊዜ ምንም አያይም፣ ውስጥ ደግሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ፣ ልጅ አለ፣ ውሻ አለ። ስለዚህ ጥቁር መነጽር ቀድማችሁ አውልቁ፣ መብራታችሁን አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ። አንዳንዱ ዋሻ ጠማማ ስለሆነ መውጫው አይታይም፤ ዋሻው ውስጥ ያለው መብራት ይበራል ብላችሁ የስልክ መብራት ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ የሳይክል መብራት ያዙ። ድንጋይ ወድቆ አንዱ ዋሻ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ማረፊያችሁ ጋ ጠይቁ።

ወለሉ አብዛኛው ለስላሳ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጠጠርና አሸዋ አለው። በቀጭን ጎማ ይሄዳል፣ ግን ቁልቁለቱን ተማምናችሁ አትልቀቁት።

ችግሩ እዚያ ላይ ባቡር የለም። ወይ ከቶርቶሳ ቀስ ብላችሁ በአረንጓዴው መንገድ ትወጣላችሁ፤ ባቡር ይወጣው የነበረ ዳገት ስለሆነ ትንፋሽ ይወስዳል እንጂ አይገድልም። ወይ ሳይክል የሚጭን ታክሲ በዋዜማው ይዛችሁ ኦርታ ደ ሳንት ዦአን ወይም ቦት ላይ ትወርዳላችሁ። እኔ ብሆን ለሁለት ሰው ታክሲውን እከፍላለሁ፣ ኦርታ ላይ አንድ ሌሊት አድራለሁ። ፒካሶ በልጅነቱ ታሞ ያገገመባት፣ በ1909 ደግሞ ተመልሶ የሳለባት መንደር ናት፤ ኮረብታ ላይ ተቆልላ ከጀርባዋ የኤልስ ፖርትስ ተራራ ቆሟል። ከዚያ ተነስታችሁ በአርነስ በኩል ያለው፣ እንዲሁም ከባቴያ ወደ ቪላልባ የሚሄደው መንገድ የወይንና የለውዝ ማሳ መሀል ነው፣ የሰው ዘር አይታይም። ዳገት ግን አለ፣ ማርሻችሁ ቀላል ይሁን።

በመንገድ ላይ ፎንትካልዳ የሚባል ገዳም አለ፣ ከአለቱ ስር ለብ ያለ ውሃ ይፈልቃል። ከአረንጓዴው መንገድ ወደዚያ የሚወርደው ቁልቁለት ክፉ ነው፣ መልሶ የሚያወጣው ደግሞ የባሰ። ሳይክሉን ከላይ አስራችሁ በእግር ውረዱ።

እዚህ ቴራ አልታ ላይ አንድ እኛን የሚነካ ታሪክ አለ፣ ሳልነግርሽ ባልፍ ደስ አይለኝም። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ትልቁ ውጊያ የተካሄደው በዚህ አገር ነው፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር 1938። የኮርቤራ አሮጌው መንደር እንደፈረሰ ተትቷል፣ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፍራንኮ ካመፀበት ከሪፐብሊኩ መንግሥት ጎን ከተሰለፉት የውጭ ሰዎች መሀል ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር ለእኛ ሊዘምቱ ፈልገው መንገድ ያጡ ነበሩ፣ ሙሶሊኒን ፍራንኮን ሲረዳ ስፔን ላይ አገኙት። ክፍላቸው፣ የሊንከን ሻለቃ የሚባለው፣ በነሐሴ 1938 ከጋንዴሳ በስተደቡብ ባለው የፓንዶልስ ተራራ ላይ ተዋግቷል። ያን ዓመት ቶርቶሳን ከሰማይ ሲደበድቡ ከነበሩት መሀል የጣልያን አውሮፕላኖች ነበሩ። ከቦት ስትወርዱ በግራ በኩል የምታዩት ግራጫ ድንጋያማ ጀርባ ያ ተራራ ነው። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ፔዳሌን አቆማለሁ።

ስለ ምግብ። ምሳ ከሰባት ተኩል በፊት አትጠብቁ (በኛ አቆጣጠር ነው የምለው፣ በነሱ 13፡30)። ሱቅ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ይዘጋል፣ እሁድ ከሰዓት ጭራሽ። መንደሮቹ ትናንሽ ናቸው፣ ዳቦና ውሃ ስታገኙ ግዙ፣ "በሚቀጥለው መንደር እንገዛለን" የሚባል ነገር እዚህ አይሰራም። የመንገድ ዳር ቧንቧ "ኖ ፖታብሌ" የሚል ካለበት አይጠጣም።

ሚያዝያ ስለሆነ ጾም ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አትጨነቁ። ዳቦ ላይ ቲማቲም ታሽቶ የወይራ ዘይት የፈሰሰበትን በየቡና ቤቱ ታገኛላችሁ፣ ቁርሳቸው ነው፤ "ያለ አሳማ ሥጋ፣ ያለ አይብ" በሉ ብቻ። ኤስካሊቫዳ የሚሉት የተጠበሰ በርበሬና ባድሪጃንም የጾም ነው። ፓስቲሴት የምትባለውን የቶርቶሳ ኬክ ጠይቁ፤ የድሮው አሰራር ሊጡ በዘይትና በአኒስ አረቄ ነው፣ ውስጡ የዱባ ማርመላታ፤ አንዳንዱ ቤት ሌላ ነገር ሊጨምር ስለሚችል ግን አረጋግጡ። ኪስ ውስጥ ሁለት ይዞ መሄድ ከማንኛውም የስፖርት ጄል ይሻላል። የነሱ የሕማማት ሳምንት ከጉዟችሁ ጋር ከገጠመ ማረፊያ አስቀድማችሁ ያዙ፣ አረንጓዴውም መንገድ በቤተሰብ ይሞላል።

ወይን አገር ነው፣ ጋንዴሳም ፒኔል ደ ብራይም በህብረት ሥራ የተሠሩ ካቴድራል የሚያህሉ የወይን መጥመቂያዎች አሏቸው፤ ግቡና እዩ። ግን የአልኮል ገደቡ ለሳይክል ነጂም ይሠራል፣ ፖሊስ ሊያስነፋሽ ይችላል።

ሕጉን ካነሳን ባለቤትሽን ያረጋጋው ይሆናል። መኪና ሲያልፋችሁ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ ግዴታው ነው፤ ሁለታችሁ ጎን ለጎን መሄድም ይፈቀዳል። እውነት ለመናገር የገጠሩ ሹፌር ይጠብቃል፣ ከኋላ ጥሩንባ አይነፋም። ከከተማ ውጭ ሄልሜት ግዴታ ነው፣ ሲመሽም ዋሻ ውስጥም መብራት ግዴታ ነው።

ዴልታውን፣ ማለት ወንዙ ባሕር ሲገባ የሚዘረጋውን ሜዳ፣ ባጭሩ። ከቶርቶሳ እስከ አምፖስታ ወንዙን ይዛችሁ ውረዱ፤ አምፖስታ ላይ በ1921 የተከፈተውን ተንጠልጣይ ድልድይ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው፣ የሩዝ ማሳ ነው፣ በሚያዝያ ውሃ መልቀቅ ይጀምራሉ፣ በሐይቆቹ ላይ ፍላሚንጎ ይቆማል። ነፋስ ከሌለ ልጅም ይነዳዋል። ነፋስ ካለ ግን የሚከልላችሁ ዛፍ እንኳ የለም፣ እንዲያው ይቅርባችሁ።

እና አምስቱን ቀን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኝ ነበር፦ ቶርቶሳ ላይ ሁለት ሌሊት አድሮ የግራውን ዳር ዙርና ሚራቬትን፣ ከዚያ በታክሲ ኦርታ፣ ከኦርታ በዋሻዎቹ በኩል ተመልሶ ቶርቶሳ፣ የመጨረሻውን ቀን ለዴልታ ወይም ለነፋስ መጠባበቂያ። የግድ በዚህ ቅደም ተከተል አይደለም፣ ትንበያው ያዛል።

ስለ ሳይክሉ፦ ይዛችሁ ኑ፣ የለመዳችሁት ኮርቻ ይሻላችኋል። ፍሬሙ ከፈቀደ ግን የጎማውን ስፋት 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር አድርጉት፤ 23 ይዞ አረንጓዴው መንገድ ላይ የሚገባ ሰው ዋሻውን ሳይሆን ጠጠሩን ሲያይ ይውላል። ለየራሳችሁ ሁለት ሁለት የውስጥ ጎማና ፓምፕ ያዙ፣ በመንደሮቹ ሳይክል ጠጋኝ አትጠብቁ። ቶርቶሳ ላይ ማረፊያ ስትይዙ ሳይክሉ የት እንደሚያድር ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ግቢ የሌለው ቤት ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ። ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የዚያን ሳምንት የባቡሩን ሁኔታ አይቼ እነግርሻለሁ።